መተማ ለሰሊጥ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጥናት፦ «አጋላጭ ባህሪ» እንዴት ይለካል? ናሙናውስ ይበቃል?

የማራኪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር የኤፒዲሚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ከደጋው ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን ይመለከታል። ርዕሱ «ለበሽታ የሚያጋልጡ ባህሪያትና ተያያዥ ምክንያቶች» ይላል። የኮንዶም አጠቃቀም፣ መጠጥ፣ ምላጭ መዋዋስ፣ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ ማደር እና ሲታመሙ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ መዘግየት ሁሉም ይገቡበታል።

እስካሁን ያለኝ ዕቅድ ይህ ነው። ናሙናው 423 ነው፤ 384 ላይ 10 በመቶ ጨምሬ ያገኘሁት። መጠይቁ 87 ጥያቄ አለው፤ በታብሌት፣ ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ይሞላል። ወቅቱ ጥቅምት፣ አጨዳ ላይ። ባህሪውን በድምር ነጥብ ለክቼ ከአማካይ በላይ የሆነውን «አደገኛ»፣ በታች የሆነውን «አደገኛ ያልሆነ» ልለው ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ምክንያት ለየብቻ ተንትኜ የፒ ዋጋቸው ከ0.25 በታች የወጡትን፣ ምክንያቶቹን አብሮ ወደሚመዝነው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን አስገባለሁ።

የማልተኛባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ካቦው አጠገብ ቆሞ ሠራተኛው ስለ ወሲብ እውነቱን ይነግረኛል? ሁለተኛ፣ ኤችአይቪና ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን በሽታ) አብሬ ብመረምር ጥናቱን ያጠነክረዋል ወይስ ያበላሸዋል? ሦስተኛ፣ ጠይቄ ብቻ መመለስ ከብዶኛል፤ በዚያው ጉዞ ምን ሰጥቻቸው ልመለስ?

ስሌት

እህቴ፣ ከናሙናው ልጀምር፤ እዚያ ላይ የተበላሸ በኋላ አይጠገንም።

1.96 (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በራሱ ሲባዛ 3.84 ይሆናል፤ በ0.5 እና በ0.5 (ባህሪው ግማሹ ሰው ላይ አለ በሚል ግምት) ተባዝቶ፣ 0.05 (የሚፈቀደው ስህተት) በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ሲካፈል 384.16 ይሰጣል። ሰው አይቆራረጥምና 385 ነው። ይህ ቁጥር የሚያገለግለው ግን ሠራተኛውን ከአንድ ሙሉ ዝርዝር ላይ አንድ በአንድ በዕጣ ስታወጪው ነው። አንቺ የምታወጪው በመጀመሪያ እርሻን ነው። በአንድ እርሻ ያሉ ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀበሌ አብረው የወረዱ፣ ከአንድ በርሜል የሚጠጡ፣ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት አንድ ከተማ የሚወጡ ናቸው። መልሳቸው ይመሳሰላል። ሃያውን ስትጠይቂ ሃያ ሰው የሚያህል መረጃ አታገኚም።

በዚህ መመሳሰል የተነሳ ናሙናው ስንት እጥፍ ማደግ እንዳለበት የሚነግርሽ የዲዛይን ተፅዕኖው እንዲህ ይሰላል፦ ከእርሻ የሚወሰደው ሰው ቁጥር ላይ 1 ቀንሺ፣ በመመሳሰያው መጠን አባዢ፣ 1 ጨምሪ። መመሳሰያውን 0.05 ብንል፣ ከእያንዳንዱ እርሻ 20 ሰው ከተወሰደ 1.95 ይሆናል። 385 በ1.95 ሲባዛ 751 ነው። ከእርሻው 10 ሰው ብቻ ከተወሰደ 1.45 ይሆንና 559 ይበቃል። ነዳጅና መኪና ካለሽ ብዙ እርሻ እየገቡ ጥቂት ሰው መጠየቅ ይሻላል።

አሁን 10 በመቶው። ሁሉም ሰው 384 ላይ 10 በመቶ ይደምራል፤ ስህተት ነው። 423 ሰው ይዘሽ 10 በመቶው እምቢ ቢል የሚቀርሽ 381 ነው፤ ከሚያስፈልግሽ በታች። የሚደረገው ለ0.9 ማካፈል ነው። 559 ለ0.9 ሲካፈል 622 ይመጣል። እንግዲህ 63 እርሻ፣ ከእያንዳንዱ 10 ሰው። ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን 87 ጥያቄውን ወደ 40 ብታወርጂው በዚያው ገንዘብ ይሠራል።

እርሻዎቹን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በምታገኚው ዝርዝር ላይ በሠራተኛ ብዛት ግምት ተመጣጣኝ ዕድል ሰጥተሽ ምረጪ። እርሻው ላይ የሠራተኛ መዝገብ አለ ብለሽ አትመኚ። ማታ ለራት ሲሰበሰቡ ቁጠሪያቸውና ከዚያ በየስንተኛው እንደምትወስጂ ወስኚ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሠራተኛው ይዘዋወራል። በ15 ቀን ሦስት እርሻ የሠራ ሰው አንድ እርሻ ከቆየው ይልቅ የመመረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ «ባለፉት 15 ቀናት በስንት እርሻ ሠራህ?» የሚል ጥያቄ ይኑርና ክብደቱን በዚያ ቁጥር አካፍዪ።

ነጥቡን በአማካይ መክፈል ግን አጥብቄ የምቃወመው ነው። አማካይን መቁረጫ ካደረግሽ ሠራተኛው ሁሉ ቢጠነቀቅም ግማሽ ያህሉ «አደገኛ» ይባላል፤ ሁሉም ቢያጠፋም እንዲሁ ግማሹ ነፃ ይወጣል። የሚነግርሽ ነገር የለም። ከዚያም ኮንዶምና አጎበር በአንድ ድምር ምን አገናኛቸው? ኮንዶም ከካላዛር አያድንም፣ አጎበርም ከኤችአይቪ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ውጤት አውጪ።

በፒ 0.25 ማጣራቱንም ተዪው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ምን ወደ ምን እንደሚያመራ ቀስት ሣዪ፤ ለምሳሌ የክፍያ ቀን ወደ መጠጥ፣ መጠጥ ወደ ኮንዶም አለመጠቀም። ሞዴሉ ውስጥ የሚገባውን የሚወስነው ቀስቱ ነው። ውጤቱ ብዙ ሰው ላይ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ኦድስ ሬሾ (ያደረጉት ላላደረጉት ተካፍሎ በሁለቱ ቡድኖች የሚነጻጸርበት ቁጥር) ያጋንናል። በአንዱ ቡድን 60 በመቶ፣ በሌላው 40 በመቶ ያለ አጎበር ቢያድር ትክክለኛው ንጽጽር 1.5 ጊዜ ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ይላል። ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያንን ሲያነብ «ከእጥፍ በላይ» ብሎ ነው የሚረዳው። እንደ 1.5ቱ ያለውን ንጽጽር በቀጥታ የሚሰጠውን ፖይሰን ሪግሬሽን በሮበስት ቫሪያንስ ተጠቀሚ።

ለወሲብ ጥያቄዎች በሉዶ ዳይስ የሚሠራውን ዘዴ እዪ። ሠራተኛው ዳይሱን ለብቻው ይጥላል፤ 1 ከወጣለት ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይላል፣ 6 ከወጣለት «አይ» ይላል፣ ከ2 እስከ 5 ከወጣለት እውነቱን ይናገራል። ጠያቂው ምን እንደወጣ አያይም። ከ300 ሰው 110 «አዎ» ቢል 36.7 በመቶ ነው፤ በግድ «አዎ» ያሉትን 16.7 ትቀንሻለሽ፣ 20 ይቀራል፤ በ1.5 ስታባዢው 30 በመቶ። ዋጋው ትክክለኝነቱ ላይ ነው፦ ቀጥታ ብትጠይቂ ከ25 እስከ 35 የሚሆነው ክልል እዚህ ከ22 እስከ 38 ይሰፋል።

አስጠያቂ

ስሌት በናሙናው ላይ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ዳይሱ ላይ ግን አልስማማም። ካምፕ ውስጥ ዳይስ ሲወጣ ሰው የሚያስበው ቁማር ነው፤ ደመወዙን ያስያዘበት ሰው ሊኖር ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ 1 የወጣለት ንጹሕ ሰው «ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ አልልም» ብሎ «አይ» ይላል። እንደዚያ ሲበዛ ስሌቱ ከእውነተኛው በታች ይወርዳል፤ «አዎ» ያሉት ከ16.7 በመቶ ካነሱማ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወጣል።

ማንበብ ለማይችል ሰው የሚሠራው የቦሎቄ ድምፅ መስጫ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በየጥያቄው አንድ ቀይና አንድ ነጭ ቦሎቄ ይሰጠዋል። ቀይ «አዎ»፣ ነጭ «አይ»። መጋረጃ ጀርባ ገብቶ መልሱን አፈ ጠባብ እንስራ ውስጥ፣ የቀረውን ከጎኑ ባለው ከረጢት ይጥላል። ሁለት ነገር ልብ በዪ። ባቄላና ሽምብራ አትጠቀሚ፤ መጠናቸው ስለሚለያይ ሲወድቁ ድምፃቸው ይለያል፣ ውጭ የተሰለፈው ይሰማል። ቦሎቄው እኩል መጠን ይሁን፣ እንስራው ሥርም የታጠፈ ጨርቅ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሲያልቅ በእንስራው ያለው ቁጥር ከገባው ሰው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት፤ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ የዚያ ግልባጭ ይገኛል። ካልገጠመ አንዱ ሁለቱንም ጥሏል ማለት ነውና የዚያን ካምፕ የዚያን ጥያቄ ሰርዢ። ከ8 ሰው በታች ባለበት ካምፕ አትሞክሪው፤ አንድ ቀይ ከወጣ ሁሉም የማን እንደሆነ ይገምታል።

ካቦን በተመለከተ። ካቦው የሠራተኛውን መልስ መስማት ብቻ አይደለም የሚያበላሸው፤ ማን እንደተጠየቀ ማወቁም ይበቃል። ቃለ መጠይቁ ከካምፑ ወጣ ብሎ፣ ሰው የሚታይበት ግን የማይሰማበት ቦታ ይሁን፤ ወደ 30 እርምጃ ያህል፣ ጠያቂውና ተጠያቂው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው። ካቦውን ራሱን መጀመሪያ ጠይቂው፤ ስለ ውኃ፣ ስለ ማደሪያ፣ ስለ አጎበር ቁጥር፣ ስለ ክፍያ ቀን። ሥራ ያገኘ ሰው ከኋላ አይቆምም። ሰዓቱንም ምረጪ። አጨዳ ብዙ ቦታ በቁርጥ ስለሚከፈል ቀን ላይ 40 ደቂቃ የወሰድሽበት ሰው ያንን ያህል ገንዘብ አጥቷል፤ ስለቸኮለም ሁሉንም «አይ» ይልሻል። የቀትር ዕረፍት ወይም ከራት በፊት ያለው ጊዜ ይሻላል፣ ከ25 ደቂቃ አይለፍ።

አሁን ወደ ቃሉ። «ሴተኛ አዳሪ ጋር ሄደህ ታውቃለህ?» ብለሽ ከጀመርሽ መልሱን ራስሽ ዘግተሽዋል፤ «ዝሙት» እና «ሴሰኝነት» የሚሉት ቃላት መጠይቅ ውስጥ ቦታ የላቸውም። «እዚህ ከወረድክ ወዲህ ገንዘብ ወይም ስጦታ ሰጥተህ አብረሃት ያደርካት ሴት ነበረች?» ብለሽ ጠይቂ። «ሁልጊዜ ኮንዶም ትጠቀማለህ?» የሚለውም ተስፋ እንጂ ባህሪ አይለካም። «መጨረሻ ጊዜ ኮንዶም ነበረ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ? ማን አመጣው?» ብለሽ ሦስቱን ለያዪ። «ባለፉት 2 ወራት» የሚለውን ሰው በልቡ አይቆጥረውም፤ «ከፍልሰታ ፍቺ ወዲህ» ስትዪው ይቆጥረዋል። ለሁሉም የሚሠራው ግን «ከወረድክ ወዲህ» ነው፤ ያኔ የቆየበትን ሳምንት ጠይቀሽ አካፍዪ።

ታብሌቱ ላይ በብዙ ጥናት የሚደጋገም ስህተት አለ። ሠራተኛው «ማታ 3 ሰዓት እተኛለሁ» ይላል፣ ጠያቂው 3፡00 ብሎ ይሞላል፣ ታብሌቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። የ6 ሰዓት ልዩነት ማለት የአሸዋ ዝንብ የምትነክስበትን ሰዓት በሙሉ ማበላሸት ነው። የሰዓት መሙያ አታድርጊው፤ «ከራት በፊት፣ ከራት በኋላ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ» የሚል ምርጫ አድርጊው። ለቀኑ ደግሞ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መምረጫ አለው፣ እሱን ክፈቺ።

መጠጥን በኦዲት (የአልኮል አጠጣጥ መለኪያ መጠይቅ) የምትለኪ ከሆነ እዚህ ተጠንቀቂ። የኦዲት አንድ መጠጥ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ በአንድ ጊዜ 6 መጠጥ ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ተርጉመሽ «6 መለኪያ አረቄ» ካልሽ ተሳስተሻል። 45 በመቶ የሆነ ዳግም አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 40 በ0.45፣ ከዚያ በ0.79 ተባዝቶ 14 ግራም ይሆናል። ስለዚህ 6 የተባለው ገደብ 4 መለኪያ ላይ ሞልቷል ማለት ይቻላል። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ነው። 3 በመቶ የሆነ ጠላ አንድ ሊትር 24 ግራም ገደማ ይወጣዋል፤ ጠላ ግን ቤት ለቤት ይለያያል። መለኪያውም ቤት ለቤት ይለያያልና መርፌ በሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውኃ እየቀዳሽ ሠራተኞቹ የሚጠጡባቸው ቤቶች ያሉትን መለኪያዎች ለኪያቸው። ግማሽ ሰዓት አይወስድም።

ከሁሉ በላይ የምነግርሽ ይህን ነው። ርዕስሽ «ባህሪ» ይላል፤ የምትለኪው ግን ብዙው ባህሪ አይደለም። ሰሊጥ የሚጠብቅ ሠራተኛ ክምሩ አጠገብ ሜዳ ላይ የሚያድረው ታዝዞ ነው። አጎበሩ የሚሰቀልበት አራት ችካል የለውም። «አጎበር ትጠቀማለህ?» ብለሽ «አይ» ካለሽ፣ ጥናትሽ «የግንዛቤ ችግር አለ፣ ትምህርት ይሰጥ» ብሎ ይደመድማል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ሰው ያለ ችካል ያድራል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ሦስት ደረጃ ጠይቂ፦ ነበረህ? ባለህበት ቦታ ልትጠቀምበት ትችል ነበር? ትናንት ማታ ተጠቀምክበት? አጎበሩ ከሌለ ጥያቄው ለአሠሪውና ለወረዳው ነው፤ ኖሮ የሚሰቀልበት ከሌለ ለካምፑ አሠራር ነው፤ ኖሮ ተችሎ ካልተደረገ ብቻ ነው ለሠራተኛው ትምህርት የሚያስፈልገው። ለኮንዶም፣ ለምላጭ፣ ለሕክምና መዘግየትም እንዲሁ። በዚህ ከፍለሽ የምታቀርቢው ሠንጠረዥ ብቻውን ከጠቅላላው ሪግሬሽን ይበልጣል።

ቆላ ነርስ

ስለ ምርመራው እኔ ልመልስ።

ኤችአይቪን በጥቅምት መርምረሽ ከዚህ ወቅት ባህሪ ጋር ለማያያዝ ካሰብሽ ተዪው። የጸረ እንግዳ አካል መመርመሪያ የቅርብ ጊዜ መያዝን እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ይችላል። በነሐሴ ወርዶ በመስከረም የተጋለጠ ሰው በጥቅምት «የለበትም» ሊባል ይችላል፤ የተገኘበት ሰው ደግሞ ምናልባት ከዓመታት በፊት ነው የያዘው። ለአገልግሎት ብለሽ ከመረመርሽ ግን መልካም ነው፤ በብሔራዊው የምርመራ ቅደም ተከተል፣ በሠለጠነ ሰው፣ ውጤቱን በዚያው ቀን ለራሱ ነግረሽ፣ ሕክምና የሚጀምርበትን ቦታ ጠቁመሽ። የደጋ ልጅ ነውና መድኃኒቱን የሚወስደው መተማ ነው ወይስ አገሩ ገብቶ? ይህንን ሳትጠይቂ የላክሽው ሰው መንገድ ላይ ይጠፋል።

ካላዛርም ጤነኛ በሚመስል ሠራተኛ ላይ አርኬ39 የተባለውን ፈጣን የደም ምርመራ ብታደርጊ ትርጉሙ ይጠፋብሻል። ከዓመታት በፊት ታክሞ የዳነ ሰውም አዎንታዊ ሆኖ ይቆያል። በሌላ በኩል ይህ መመርመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ከታመሙት 85 በመቶ ያህሉን ነው የሚይዘው፤ በሕንድ ክፍለ አህጉር 97 በመቶ ይደርሳል። ኤችአይቪ ካለበት ደግሞ ይበልጥ ያመልጣል። ስለዚህ ከ2 ሳምንት በላይ ትኩሳት ያለበትን፣ ጣፊያው ያበጠውን፣ የከሳውን ብቻ ለይተሽ ላኪ፤ ምርመራው አሉታዊ ቢሆንም ምልክቱ ካለ ይላክ። ካላዛር የተገኘበት ሁሉ ኤችአይቪ መመርመር አለበት፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ የመድኃኒት ምርጫው ይቀየራል።

የምታመልጥሽ ሌላ ነገር ወቅቱ ነው። የአሸዋ ዝንቧ የምትኖረው ዋልካ መሬት ሲደርቅ በሚሰነጠቀው ውስጥ፣ ግራርና ላሎ ባለበት ነው። ዝናብ ሲመጣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ እሷም ትቀንሳለች። የምትበዛው ከመጋቢት እስከ ሰኔ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው፤ ለምንጠራና ለዘር ቀድመው የወረዱት ናቸው በብዛት የሚነከሱት። ወባ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያይላል። በጥቅምት «ትናንት ማታ የት አደርክ?» ብለሽ ስትጠይቂ የወባን ተጋላጭነት ነው የለካሽው፤ ለካላዛር «ከዝናቡ በፊት ወርደህ ነበር? ስንት ሌሊት ሜዳ ላይ አደርክ?» የሚል ጨምሪ።

በሽታው ከተነከሱ በኋላ ለመታየት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ያኔ ሠራተኛው ቤቱ ገብቷል፤ ትኩሳቱን የሚያየው ካላዛርን የማያስታውስ የደጋ ጤና ጣቢያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲገኝ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ስለዚህ ጤና ተቋም ለመሄድ መዘግየትን ካምፕ ላይ ብቻ ከለካሽ ዋናውን አላየሽም። ገንዘብ ካለሽ ጥቂቶቹን በፈቃዳቸው በየካቲት በስልክ ጠይቂያቸው።

መመርመሪያ ይዘሽ የምትወርጂ ከሆነ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጡ ይላሉ፤ መኪና ውስጥ የተተወ ካርቶን መተማ ላይ ከ40 ያልፋል። የታሸገ በረዶ ያለበት ሳጥን፣ ውስጡ ቴርሞሜትር፣ ጠዋትና ከሰዓት የሚሞላ ሰሌዳ ያዢ። በረዶው መመርመሪያውን አይንካው፤ ከበረደም እርጥበት አለና ከረጢቱ የአየሩን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቺው። ጣት ስትወጊ አልኮሉ ይድረቅ፤ እርጥብ ሳለ የተወጋ ደሙን ያቀጥነዋል። መውጊያው ለአንድ ሰው አንዴ ነው፤ ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛ ሲደርስ ይዘጋል።

ምን ሰጥቼ ልመለስ ላልሽው፣ ከምክር በፊት ዕቃ ስጪ። አጎበር ከሰጠሽ ችካልና ሲባጎ አብረሽ ስጪ። ጸሐይ ላይ አይሰጣ፣ በበረኪና አይታጠብ፣ እጥበቱም ከ3 ወር አንዴ አይብለጥ። አዘውትሮ የሚያጥበው ሰው መድኃኒቱን በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል። የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለችና በተራ አጎበር ቀዳዳ ልትገባ ትችላለች፤ በመድኃኒት የተነከረው ግን ስትነካው ይጎዳታል። ለዚህ ነው ተራውን ጨርቅ አጎበር የማልመክረው። መኝታውን ከኩይሳና ከግራር ሥር ማራቅም ምንም አያስከፍልም።

ኮንዶም ሲሰጥ ደግሞ የት እንደሚቀመጥ ይነገር። ሱሪ ኪስ ውስጥ ሳምንት ሙሉ በጸሐይ የዋለ ኮንዶም ሙቀትና ፍትጊያ ይጎዳዋል። ቫዝሊን፣ ቅቤና የፀጉር ቅባት ላቴክሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያደክሙታል፤ ሲቀደድ «ኮንዶም አይረባም» ይባላል። ከመከፈቱ በፊት የማሸጊያው አየር በጣት ይፈተሽ፣ ቀኑ ይታይ።

ምላጭ፦ ለእያንዳንዱ ሰው 5 ምላጭ መስጠት ከማንኛውም ማጽዳት ይሻላል። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል፤ ደሙ መድረቁ ማንንም አያዘናጋ። በዋግምት መታገምና ቆዳ መበጣትም መጠይቁ ውስጥ ይግባ፤ ጣፊያው ያበጠ ሰው እዚያ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ ምላጩም ያው ነው።

የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም የተሰጠው አዋቂ 24 ፍሬ ነው የሚወስደው፦ 4 ፍሬ በቀን ሁለቴ ለ3 ቀን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ትኩሳቱ በ2ኛው ቀን ሲወርድ ቀሪውን ለጓደኛው ያካፍላል። መጠይቅሽ ላይ «ስንት ፍሬ ቀረህ?» የሚል ይኑር።

የማራኪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንድ፣ ቦሎቄው የማን መልስ እንደሆነ ካልታወቀ ከመጠጥና ከዕድሜ ጋር እንዴት ላያይዘው? ሁለት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ አሉ፤ ወላጆቻቸው ደጋ ናቸው። ሦስት፣ ተጠያቂው «ትናንት ማታ ያለ ኮንዶም ነበርኩ» ቢለኝ በዚያው ሰዓት ምን ላድርግ?

ስሌት

አስጠያቂ የዳይሱን ነገር አሳምኖኛል፤ ካምፕ ውስጥ ቦሎቄው ይሻላል።

ለማያያዙ፦ ናሙናውን በካምፕ ሁለት ቦታ ክፈዪው። በግማሾቹ ካምፖች ቦሎቄ ተጠቀሚ፣ እዚያ ያለው ግንኙነት በካምፕ ደረጃ ብቻ ይሁን፤ የክፍያ ድግግሞሽ፣ ከከተማ ያለው ርቀት፣ ኮንዶም የሚገኝበት ቦታ። በቀሩት ካምፖች ደግሞ በሥዕል የተሠራ ትንሽ ወረቀት ራሱ ምልክት አድርጎ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ይስጥሽ፤ ወረቀቱ ላይ ከታብሌቱ ጋር የሚገጥም ቁጥር እንጂ ስም የለም። ይህ ግን መልሱን ምስጢር ያደርጋል እንጂ ማንነትን ሙሉ በሙሉ አይደብቅም፤ ፈቃድ ስትጠይቂ እንዲሁ ብለሽ ንገሪው። የሁለቱ ዘዴዎች መጠን ቢራራቅ፣ ልዩነቱ ራሱ ስንት ሰው እንደደበቀ ይጠቁምሻል። የትኛው ካምፕ የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ልዩነቱ የካምፑ ይሁን የዘዴው አይታወቅም።

ቆላ ነርስ

ሦስተኛው አይጠብቅምና አስቀድሜ ልመልስ። ከተጋለጠ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ፔፕ (ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰድ መድኃኒት) መጀመር ይቻላል፤ በቶሎ በጀመረ ቁጥር ይጠቅማል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ስለዚህ ጉዞ ከመጀመርሽ በፊት ለእያንዳንዱ እርሻ ቅርብ የሆነው ፔፕ የሚሰጥ ተቋም የትኛው እንደሆነ፣ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ቅዳሜና እሑድ ማን እንዳለ በስልክ አረጋግጪ። ጠያቂው «መቼ ነበር?» ብሎ ሰዓቱን ይጠይቅ፤ ከ72 ሰዓት በታች ከሆነ ቃለ መጠይቁ እዚያው ይቆም፣ መኪናው እሱን ይዞ ይሂድ። ለዚህ ነዳጅ በበጀቱ ይያዝ። 28 ቀኑ ሳይሞላ አገሩ የሚመለስ ከሆነ ቀሪውን ይዞ እንዲሄድ ተቋሙን ጠይቂ። የእናንተ ሰው በመውጊያ ቢወጋም ሕጉ ያው ነው፤ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ቁስሉ አይጨመቅ፣ ወዲያው ይሂድ።

አስጠያቂ

ስለ ታዳጊዎቹ፦ ካቦም አሠሪም የወላጅ ምትክ ሆኖ አይፈርምም፤ የሚጠቅመው ወገን ነው። ወላጅ በሌለበት እንዴት እንደሚጠየቁ፣ ወይም እንደማይጠየቁ፣ ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው በምታስገቢው ፕሮቶኮል ላይ አስቀድመሽ ጻፊ፤ ሜዳ ላይ የሚወሰን ነገር አይደለም። ኮሚቴው ካልፈቀደ ከናሙናው አውጪያቸው፤ ቁጥራቸውን ግን በራት ቆጠራው ላይ ለየብቻ መዝግቢ፣ መኖራቸው ከሪፖርቱ እንዳይጠፋ። አጎበሩና ምላጩ ግን ለእነሱም ይሰጣል፤ መጠይቅ አለመሙላቱ ሌሊቱን አያሳጥረውም።

አንድ የቀረኝ፦ የመጠይቁን ሙከራ መጀመሪያ አዘዞ፣ ጎንደር አጠገብ፣ ላይ አታድርጊ። እዚያ የሚመልስልሽ ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ገንዳ ውኃ ወይም ሽንፋ ወርደሽ ከዋናው ናሙና ውጭ በሆነ አንድ እርሻ 15 ሰው ጠይቂ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ሰከንድ እንደወሰደና የትኛው ላይ ሰው ዝም እንዳለ ጻፊ። ከ15ቱ 3ቱ ዝም ያሉበት ጥያቄ ወደ ቦሎቄው ይሂድ።